ከምንጩ 200 ሜትር የራቀው ወሰን

አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን አንድ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ አውቆታል፤ የቀደመው 542/1999 የግልና የመንግሥት ብቻ ነበር የሚለው። እኛም አያቶቻችን ሲጠብቁት የኖሩትን ደን ከወረዳው ጋር ተፈራርመን ተረከብን። ተጠቃሚ መመዝገቡ፣ ማኅበር ማቋቋሙ፣ ደንብ ማጽደቁ አላስቸገረንም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የወሰኑ ጉዳይ ነው።

ከሽማግሌዎች ጋር ዞረን በየማዕዘኑ በጂፒኤስ ነጥብ ያዝን። ባለሙያው ቁጥሮቹን ቢሮ ወስዶ ድሮ በታተመው 1፡50,000 ካርታ ላይ አሰፈራቸው፤ ማኅተም ተመታበት። በኋላ ምንጫችን ዳር ከብት ያሰማራ ሰው ስንከስ «ከወሰናችሁ ውጭ ነው» ተባልን። በደቡብ ጠርዝ ያለው ምንጭ ወጥቶ፣ በሰሜን የጎረቤት ማሳ ወደ ደኑ ገብቷል!

ስሕተቱ ዳተሙ ላይ ነበር፤ ማለትም ካርታው የተነሣበት የምድር ልኬት መሠረት ላይ። የድሮዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሱ ግን ካልቀየሩት ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው የሚያነበው። የጂፒኤሱን ቁጥር በድሮው ካርታ ላይ ሳይቀይሩ ሲያሰፍሩት መስመሩ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅም 90 ሜትር ያህል ይሸሻል። በካርታው ላይ 4 ሚሊሜትር ናት፤ ዓይን አይይዛትም። እኔም ሰነዱን አገላብጬ አይቼ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ለማሳረም ስንሄድ መልሱ «የጸደቀ ሰነድ አይከፈትም» ሆነ፤ የተሳሳተው ቢሮው፣ የተመላለስነው እኛ።

እናንተም ደን ልትረከቡ ስትሉ «ካርታው ይቅደም፣ ችካሉ ይደርሳል» ይሏችኋል። አትስሙ። አዋሳኞቻችሁ ባሉበት መጀመሪያ ችካል ትከሉ፣ በቃለ ጉባኤም አስፈርሟቸው። በየነጥቡ ዳተሙንና የዩቲኤም ዞኑን (ቦታው የሚገኝበትን የካርታ ቀጠና ቁጥር፤ በአገራችን 36፣ 37 ወይም 38) ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ። ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ንባቡ ስለሚዋዥቅ ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ስምምነቱ ውስጥም ወሰኑን በቃል አስገቡ፦ ከየትኛው ምንጭ ተነሥቶ፣ በየትኛው ገደል አፋፍ አልፎ፣ የት እንደሚገጥም። «ካርታውና ችካሉ ቢለያዩ ችካሉ ይጸናል» የሚል አንቀጽ ካልገባ አትፈርሙ።

ከመፈረማችሁ በፊትም ካርታው ላይ ከሰፈረው መስመር የአንዱን ማዕዘን ቁጥር አንብባችሁ፣ ጂፒኤሱን በካርታው ዳተም አስተካክላችሁ አስገቡና እሱ ወደሚመራችሁ ሂዱ። ችካሉ ሥር ካላደረሳችሁ ሰነዱን መልሱ።