«እኒህ ሽማግሌ ምን በደሉ?» የ47ቱን ሮኒን ታሪክ በሥዕል ስተርክ

አክስቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። የሥዕላዊ ልቦለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ በእርሳስ እንደተነደፈ የሰጠኋቸው የፊደል ግድፈት እንዲለቅሙልኝ ነበር። ገጽ እየገለጡ ሄደው ከከሰል ማከማቻው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሌሊት ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ከጨለማ ተጎትተው ሲወጡ ያሳያል፤ ዙሪያቸውን ሰይፍ የመዘዙ ሰዎች ከበዋቸዋል። አክስቴ መነጽራቸውን አወለቁና፣

«እኒህ ሽማግሌ ምን በደሉ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ዘጠና ስድስት ገጽ ነድፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። «ክፉ ሰው ናቸው» ልል ፈለግሁና አፌ ላይ ቀረ። ክፋታቸውን የተማርኩት ከትርኢትና ከፊልም እንጂ ከታሪኩ አልነበረም።

ታሪኩን በጃፓን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1701፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ፣ በሾጉኑ፣ ማለትም በጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ ቤተ መንግሥት መተላለፊያ ውስጥ፣ የአኮ ግዛት ጌታ አሳኖ ናጋኖሪ የሥርዓት ሹሙን ኪራ ዮሺናካን በአጭር ሰይፍ መታቸው። ግንባራቸውንና ጀርባቸውን አቆሰለ፤ አልገደላቸውም። በቤተ መንግሥት ሰይፍ መምዘዝ በሞት የሚያስቀጣ ነበርና ሾጉኑ ቶኩጋዋ ጹናዮሺ በዚያው ዕለት አሳኖ ሆዱን ቀዶ እንዲሞት ፈረደበት። ግዛቱ ተወረሰ፤ ሎሌዎቹ ጌታ አልባ፣ በጃፓንኛ ሮኒን፣ ሆኑ። ከእነርሱ 47ቱ በኦይሺ ኩራኖሱኬ መሪነት ከ21 ወር በላይ ጠብቀው፣ በጃንዋሪ 1703 መጨረሻ ሌሊት የኪራን ቤት ሰብረው ገቡ። አንገታቸውን ቆርጠው ሴንጋኩጂ በተባለው ቤተ መቅደስ ከጌታቸው መቃብር ፊት አኖሩ፤ ከዚያም እጃቸውን ሰጡ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1695 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን።

ረቂቄ ላይ ከ96ቱ ገጽ 40ው ውጊያ ነበር። ርዕሱም «ደም መላሾቹ» የሚል ነበር። በአማርኛ ከዚህ የሚቀርብ ቃል የለም ብዬ አምኜ ነበር። የአክስቴ ጥያቄ ግን ቃሉን ራሱን እንደገና እንድመረምረው አደረገኝ። ደም መላሽ ዘመዱን የገደለበትን ይገድላል። ኪራ ግን አሳኖን አልገደሉም፤ የገደለው የሾጉኑ ፍርድ ነው። ኪራ በዚያ መተላለፊያ ሰይፋቸውን እንኳ አልመዘዙም። የሎሌዎቹ ቅሬታ ሌላ ነበር። በጠብ የተገኙ ሁለት ወገኖች እኩል ይቀጡ የሚል የቆየ ልማድ ነበረ፤ በዚህ ፍርድ አንዱ ሲሞት ሌላው ምንም አልተባለም። ስለዚህ የሄዱት ጌታቸው ጀምሮ ያልጨረሰውን ሊጨርሱ ነው። ይህን «ደም መመለስ» ማለት አንባቢዬን ወደማይሆን መንገድ መምራት ነበር። ርዕሱን ሰረዝሁት፤ ከርዕሱ ጋር ውጊያውን ወደ 18 ገጽ ዝቅ አደረግሁት።

አሳኖ ለምን እንደመታቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከኋላ ይዞት ያስቆመው ሹም በጻፈው ማስታወሻ መሠረት ስለ ቂም ጮኾ ነበር፤ የምን ቂም እንደሆነ ግን አልተናገረም፣ ወይም የተናገረው አልተጻፈም። ኪራ ጉቦ ጠይቀው ነበር የሚለው ወሬ የትርኢቱን ክፍተት ለመሙላት ይመቻል። በእኔ መጽሐፍ ቦታ አልሰጠሁትም። የመተላለፊያውን ትዕይንት ስሥል የአሳኖን አፍ ተከፍቶ አሳየሁ፤ ቃሉ የሚጻፍበትን አረፋ ግን ባዶ ተውሁት። በመጽሐፉ ሁሉ ከዚህ አረፋ በላይ የደከምሁበት ነገር የለም። ባዶ መሆኑ ስሕተት እንዳይመስል ጠርዙን ሰባት ጊዜ ደጋግሜ ነው የሣልሁት።

ከውጊያው የተረፈው ገጽ ሁሉ ለጥበቃው ሄደ። የታሪኩ ልብ እዚያ እንደሆነ አሁን በፍጹም አምናለሁ። ኦይሺ ወዲያው አልዘመተም። ኪዮቶ አጠገብ ያማሺና በምትባል መንደር ተቀምጦ የጌታው ወንድም ቤቱን እንዲወርስ ይማልድ ነበር። ኤዶ ያለው ጓዱ ሆሪቤ ያሱቤ ደግሞ ቶሎ እንዝመት እያለ ይወተውተዋል። በ1702 የወንድምየው ጉዳይ ተስፋው ተቆረጠ። ኦይሺ ሚስቱን ሪኩን ፈትቶ ከትንንሽ ልጆቿ ጋር ወደ አባቷ አገር ሰደዳት፤ በእርሱ ጥፋት እንዳትጠየቅ። በኪዮቶ መጠጥ ቤቶች መስከሩ የኪራን ሰላዮች ለማታለል ነበር ይባላል። እኔ ግን ለማታለል ብቻ እንደሆነ አድርጌ አልሣልሁትም። ሚስቱን የፈታ፣ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ከእውነትም ሊሰክር ይችላል።

ከሁሉ የወደድሁት ትዕይንት ትርኢቶቹ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚያልፉት ነው። መጀመሪያ ከመቶ በላይ ሰዎች ቃል ኪዳን ፈርመው ነበር። ተስፋው በተቆረጠ ጊዜ ኦይሺ ሁለት መልእክተኞችን ልኮ የእያንዳንዱን ፊርማ ለባለቤቱ እንዲመልሱ አደረገ፤ ዓላማው ቀርቷል ተብሎ እንዲነገራቸው። ወረቀቱን ተቀብሎ የተሰናበተ ተሰናበተ። ተቆጥቶ «አልቀበልም» ያለ ደግሞ ምሥጢሩ ተነገረው። ይህን በ12 ገጽ ሣልሁት። በር፣ ወረቀት፣ እጅ፣ ፊት፤ እንደገና በር፣ ወረቀት፣ እጅ፣ ፊት። ወረቀቱን የተቀበሉትን ፈሪ አድርጌ ላሳያቸው አልፈለግሁም። ከአንዱ ኋላ አንዲት አሮጊት እናት፣ ከሌላው ኋላ ጡት የሚጠባ ልጅ አስቀመጥሁ። በዚህ ሥራ የተማርሁት ትልቁ የሙያ ትምህርት ይኸው ነው፤ አንድን ክፈፍ ሳይለውጡ ደጋግሞ መሣል፣ ለውጡንም ለፊት ብቻ መተው።

ስሕተቶቼ ብዙ ነበሩ። ልብሱን በጫፉ ጥቁርና ነጭ የመጋዝ ጥርስ ያለበት አድርጌ ሣልሁት፤ ኋላ የመድረክ ልብስ መሆኑን አወቅሁ። በእውነቱ ሰዎቹ የለበሱት የእሳት አደጋ ተከላካዮችን የሚመስል ጥቁር ልብስ ነበር፤ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ነበረ። ይህ ለሠዓሊ ስጦታ ነው። ግንባራቸውን የተላጩ፣ ጸጉራቸውን የቋጠሩ 47 ሰዎች በጨለማ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ነጩ ጨርቅ ወገኑን ለየልኝ፤ ሰውየውን ለመለየት ደግሞ በአቋም ሠራሁ። ሆሪቤ ያሄ ከ75 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ስለነበር ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ የኦይሺ ልጅ ቺካራ ገና አሥራ አምስት ዓመት አካባቢ ነበርና የራስ ቁሩ ይሰፋዋል። በስም የጠራሁት አምስት ሰው ብቻ ነው። አርባ ሰባቱንም ላስተዋውቅ ብዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የስም ዝርዝር አድርጌው ነበር።

በረዶውም አሳስቶኛል። ትርኢቱ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲዘንብ ያሳያል፤ እኔም ሃያ ገጽ በረዶ አዘነብሁ። ከዚያ ቀኑን አየሁት፤ የአሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር 14ኛ ቀን። የባሕረ ሐሳብ አገር ልጅ ሆኜ ይህን ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሥራ አራተኛ ሌሊት ጨረቃ ልትሞላ ጥቂት የቀራት ናት። በረዶው ቀደም ብሎ ወርዶ መሬት ላይ ተጋግሯል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሃያውን ገጽ ጥዬ እንደገና ጀመርሁ። አሁን መሬቱ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ በቡሩሽ የምሥለው ጥላቸውን ብቻ ነው።

ቋንቋው ግን ረዳኝ። የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች ለዝምታ እንኳ ድምፅ አላቸው፤ «ሺን» ብለው ይጽፉታል። እኛ «ጭር» አለን። በረዶ በሸፈነው ግቢ ላይ «ጭር» የሚለውን በትልቁ በእጄ ስጽፍ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንቱታውም እንደዚሁ። እንደሚተረከው ኦይሺ ኪራን ከከሰል ማከማቻ ሲያገኛቸው ተንበርክኮ፣ እንደ ሹምነታቸው በገዛ እጃቸው እንዲሞቱ ለመናቸው። በረቂቄ «ውጣ! ሙት!» ብሎ ይጮኽ ነበር። አሁን «ጌታዬ፣ እንደ ክብርዎ ይሁን» ይላል። በአንተና በእርስዎ መካከል ያለው ርቀት ትዕይንቱን ገለበጠው፤ የሚያስፈራው ጩኸቱ ሳይሆን ትሕትናው ሆነ።

ለአክስቴ ጥያቄም ስድስት ገጽ ጨመርሁ። ኪራ በገዛ ግዛታቸው ግድብ ያሠሩ መልካም ጌታ ተብለው ይታወሳሉ፤ አንድ ገጽ ለዚያ ሰጠሁ። በዚያ ሌሊት ከእርሳቸው ወገን ከ15 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ47ቱ ግን አንድም አልሞተም። ወጣቱ ወራሻቸው ዮሺቺካ ተዋግቶ ቆሰለ፤ ይህም ሆኖ ቤቱን አልተከላከለም ተብሎ ግዛቱ ተወረሰ፣ ወደ ሱዋ ተግዞ በ1706 እዚያው ሞተ። የእርሱ ትዕይንት ያለ ቃል ነው፤ አንድ ወጣት መስኮት አጠገብ ተቀምጧል።

የተጠናቀቀውን መጽሐፍ ለአክስቴ ወሰድሁላቸው። 46ቱ በማርች 1703 በአራት መሳፍንት ቤት ተከፋፍለው ሆዳቸውን ቀደው የሞቱበትን ገጽ አንብበው፣ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ከዚያ ቀና አሉ።

«አርባ ሰባት ነበሩ አላልክም? አንዱስ?»

ቴራሳካ ኪቺኤሞን ነው። ከሁሉ ዝቅተኛው፣ እግረኛው ወታደር። ከውጊያው በኋላ ተለየ፤ ኦይሺ ልኮት ይሁን በራሱ ሄዶ እስከ ዛሬ ክርክር ነው። እስከ 1747 ኖረ፤ ታሪኩን በዓለም ያስታወቀው የአሻንጉሊት ትርኢት ኦሳካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዓመቱ፣ በ1748 ነው። ይህን ስነግራቸው መጽሐፉን ዘግተው መለሱልኝ።

«እንግዲህ አልጨረስክም» አሉ።

አራት ገጽ ቀረኝ ማለት ነው። ትናንት የመጀመሪያውን ነደፍሁ፤ አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ በረዶ ይጠርጋል።