«የተለመደው ነው?»

ምግብ ቤት መቀያየር አይሆንልኝም። አዲስ ቤት በተከፈተ ቁጥር ጓደኞቼ ፎቶ ይልካሉ፣ እንሂድ ይላሉ፣ እሄዳለሁም። በሳምንቱ ግን ተመልሼ እዛው የጣሊያን ቤቴ ነኝ። ስሙን አልጽፍላችሁም። ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቅዳሜ ማታ ወንበር ማግኘት አሁንም ፈተና ነው፣ እና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለራሴ ነው የማስበው።

የጣሊያን ቤት ስላልኩ ሻማና ወይን ጠጅ እንዳይታያችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ነው። ሚጥሚጣ በትንሽ ሰሃን፣ ጨው፣ የተቆራረጠ ዳቦ፣ ጥጉ ላይ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁልጊዜ ኳስ። ሜኑው ላይ ዋጋው በወረቀት ተሸፍኖ ሌላ ዋጋ ተጽፏል፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት። ትዕግስት ያለው ሰው በጥፍሩ እየላጠ ወደታች ቢወርድ የኑሮ ውድነትን ታሪክ በደንብ ያነባል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ቫት 15 በመቶ አለ።

ቤቱ ድሮ ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ገርጂ ተዛወረ። እኔ ደግሞ ገርጂ ምን አለኝ? ምንም። ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የምሄደው። የሚገርመው መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት በሩን ስከፍት ግማሹ ፊት የማውቀው ነው። በስም አንተዋወቅም፣ እሳቸው ሁሌ ለብቻቸው የሚቀመጡት ጡረተኛ ናቸው፣ እነዛ የባንክ ልጆች ናቸው፣ በቃ በእይታ ነው። ግን አንገት ለአንገት ተነቃንቀን፣ ስንስቅ፣ እንደ አንድ ሰፈር ሰው ነው የሆንነው። ሁሉም ድሮ ይቀመጥበት የነበረውን ዓይነት ቦታ ፈልጎ ይዟል። መስኮት የሚወደው መስኮት ጋ፣ ግድግዳ የሚወደው ግድግዳ ጋ።

አስተናጋጁን ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ሁለት ሳምንት ከቀረሁ «ምነው ጠፋሽ?» ይሉኛል፣ ልክ ቤታቸው እንዳልሄድኩ ዘመድ። ከዚያ «የተለመደው ነው?» አዎ፣ የተለመደው ነው። ፓስታ በስጎ፣ ቃሪያ ለብቻ፣ ማኪያቶ በኋላ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ይሄ ይሁን ያ ይሁን ስል ውዬ፣ ማታ ላይ አንድ ሰው ጥያቄውን ከነመልሱ ይዞልኝ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አልነግራችሁም።

ደግሞ ደንበኛ ስትሆኑ እውነቱ ይነገራችኋል። አንድ ቀን ላዛኛ አማረኝና አዘዝኩ። ጋሼ አልጻፉም። እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ወደ ኩሽናው ዞር ብለው አይተው፣ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ዛሬ ላዛኛውን ተይው» አሉኝ። የትናንት እንደሆነ ገባኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ግን ላዛኛ እየበሉ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ሰብሬ ፓስታዬን በላሁ።

ስለ ምግቡ ስንነጋገር፣ የአክስቴን ልጅ ላምጣላችሁ። ሮም ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት ሲመጣ ይዤው ሄድኩ። ረቡዕ ነበር፣ እኔ የጾም አዘዝኩ፣ እሱ አልጾምም ብሎ ካርቦናራ አለ። ካርቦናራው በክሬም ተነክሮ መጣ። ከዚያ ማን ያስቁመው! ካርቦናራ ክሬም የለውም፣ እንቁላልና ፔኮሪኖ የሚባል የበግ አይብ ነው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ጓንቻሌ፣ ማለት በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ። እሺ፣ አልኩት፣ የአሳማ ጉንጭ ገርጂ ላይ ብታቀርብ ማን ይበላልሃል? ኦርቶዶክሱ አይነካው፣ ሙስሊሙ አይነካው። ያ ሁሉ ስብና ጨው ከምግቡ ሲወጣ የሆነ ነገር መተካት አለበት፣ እና ክሬም ገባ። አልተዋጠለትም። ወደ ዘወትሩ የስጋ ስጎዬ ዞረ። ቦሎኛ ውስጥ ስፓጌቲ በስጋ ስጎ የሚባል ነገር የለም አለኝ፣ እነሱ ታሊያቴሌ በሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ነው የሚበሉት፣ የስጎውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 ከተማው ንግድ ምክር ቤት ድረስ ወስደው አስመዝግበውታል። የምግብ አሠራር ንግድ ምክር ቤት! ይሄን ስሰማ ለጣሊያኖች ያለኝ አክብሮት ጨመረ፣ አልዋሽም። እኛ የዶሮ ወጥን ብናስመዘግብ በሽንኩርቱ ብዛት ላይ ብቻ ስንከራከር ሌላ ዘመን ይመጣል።

ከዚያ ሹካውን ወደ እኔ ሰሃን ሰደደና ዝም አለ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የሚያቃጥል ነገር። «ይሄኛው አራቢያታ ነው» አለ። የሮማውያን ፓስታ ነው፣ ስጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ማቃጠሉ ነው ቁም ነገሩ። የኛዋ ሼፍ በደረቅ ሚጥሚጣ ፋንታ ትንሽ በርበሬ ጣል ታደርግበታለች እንጂ ሌላው ያው ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ለሮም ሰው ከሁሉም የቀረበው የጾሙ ፓስታ ሆኖ ተገኘ። በሌላው አልተስማማንም። ሂሳቡን ግን እሱ ከፈለ።

የጾሙን ካነሳሁ አይቀር፣ የፍስኩ ስጎ ድስትና የጾሙ ድስት ለየብቻ ነው፣ ማማሰያው ሳይቀር። ፓስታውም ቢሆን ደረቁ ስንዴና ውሃ ብቻ ስለሆነ ችግር የለበትም፣ እዛው የሚጠፈጠፈው ግን እንቁላል ስላለው ረቡዕና አርብ አይወጣም። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ በዚች አንዲት ስጎና በቱና ነው የምንከርመው። ቱና ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቻለሁ።

ሼፏ በትንሿ መስኮት በኩል ትታያለች። ድሮ ፒያሳ ይሠሩ ከነበሩ ሰውዬ ነው የተማረችው፣ እሳቸው ደግሞ ከጣሊያን። ጣሊያን በ1933 ተሸንፎ ሲወጣ ሁሉም ጠቅልሎ አልሄደም፣ መካኒኩም ግንበኛውም ምግብ አብሳዩም እዚሁ የቀረ ነበር፣ ሙያውም እጅ በእጅ ሲተላለፍ እሷ ጋ ደረሰ። የምትሠራው ስጎ ግን ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ቁሌት ቀስ ብላ አብስላ ነው የምትጀምረው፣ ከዚያ የተፈጨው ስጋ፣ ከዚያ የቲማቲም ድልህ፣ እና ለረጅም ሰዓት ትታ ታንተከትከዋለች። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው በቃው የምትለው። ይሄ የጣሊያን ነው የእናቴ ነው ብዬ ተጨንቄ አላውቅም፣ ፓስታ በእንጀራ ጠቅልሎ ያደገ ሰው ምን ያስጨንቀዋል።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ቤት ውስጥ የምቀቅለው ፓስታ በፓኬቱ ደቂቃ ለምን እንደማይበስልልኝ ጠየቅኳት። «ፓኬቱ ላይ ያለው ለአዲስ አበባ አልተጻፈም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃው እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው፣ ፓስታው ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። እሷ ሰዓትም አታይም። አንዷን ፓስታ በሹካ አውጥታ ትቆርጣትና መሃሏን ታያለች፣ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው። ከዚያ የቀቀለችበትን ውሃ በጭልፋ ቀድታ ስጎው ላይ ትጨምራለች። ይሄን ቤት ሞክሩት፣ ስጎው ፓስታው ላይ ይይዛል፣ ሰሃን ሥር ውሃ አያቁርም።

የጋሼ ቤት ምርጥ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። ከተማው ውስጥ የተሻለ ፒዛ አለ፣ የተሻለ ቡናም አለ፣ ሰላጣቸው ደግሞ ሰላጣና ቲማቲም ብቻ ነው። ግን አምና የበላሁትን ዘንድሮም እዛው አገኘዋለሁ፣ ያው ጣዕም፣ ያው ሰሃን። በዚህ ከተማ እንዲህ የምትሉለት ስንት ነገር አላችሁ?

ምናልባት በራሳችሁ ካገኛችሁት፣ ምሳ ሰዓት ከ6:30 እስከ 7:30 አትሂዱ፣ የቢሮ ሰው ይሞላዋል። ጋሼን አታቻኩሏቸው። ለማጣጣሚያ ክሬም ካራሜሉን እዘዙ። ሜኑው ላይ ቲራሚሱ የሚልም አለ፣ እሱ ቡና የነካው ኬክ ነው፣ ተዉት።