መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የሚጠፋ አድራሻ፦ ለቤት ኮምፒውተሮች ቋሚ አይፒ ስለ መስጠት

አባቴ በወጣትነታቸው እዚሁ ጎንደር በአታ አቋቋም የተማሩ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመታት በካሴት እየቀዱ ያከማቿቸውን የማኅሌት ድምፆች ባለፈው ክረምት አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ ሳሎን ጥግ ላይ በምትገኝ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው በስልካቸው እንዲሰሟቸው፣ ዴስክቶፗ ድምፆቹን በቤቱ ዋይፋይ በኩል እንድታቀርብ አደረግሁና በስልካቸው ላይ አንዲት ምልክት አኖርሁላቸው። ምልክቷ ስትነካ የምትከፍተው የዴስክቶፗ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በቤቱ ኔትወርክ ላይ የምትታወቅበት ቁጥር፣ 192.168.1.7 ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ እንከን ሠራ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ግን አባቴ «ልጄ፣ ማኅሌቱ እምቢ አለኝ» ብለው ጠሩኝ። ዴስክቶፗ በርታለች፣ ዋይፋዩም ይሠራል፤ 192.168.1.7 ግን የታናሽ ወንድሜ ስልክ አድራሻ ሆኖ ነበር።

ይህ የሆነበትን ምክንያት በሚገባ መረዳት ከመፍትሔው ግማሹ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በቤታችን ያለው ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሣጥን) ለሚገናኙት ዕቃዎች ሁሉ ቁጥር የሚያድለው ዲኤችሲፒ በሚባል አሠራር ነው። አሠራሩን በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ከሚጎርፍበት የጎንደር ፔንሲዮን ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ እንግዳ ተቀባዩ የመጣውን ሁሉ ባዶ ክፍል ይሰጠዋል፣ በመዝገቡም ላይ ማን የትኛውን ክፍል እስከ መቼ እንደያዘ ይጽፋል። ራውተሩም ቁጥሩን የሚሰጠው ለዘለቄታው ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ ይህ ጊዜ 24 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የዲኤችሲፒ መስፈርት መሠረት ኮምፒውተሩ የተሰጠው ጊዜ ሲጋመስ «ይታደስልኝ» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ መብራት ካልጠፋ አንድ ቁጥር ለወራት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። እኔንም ያዘናጋኝ ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች መዝገባቸው ከጊዜያዊ ማስታወሻቸው ጋር አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ስልኮች ባትሪ ስላላቸው ራውተሩ እንደተነሳ ወዲያውኑ ይገናኛሉ፤ ዴስክቶፕ ግን ገና ከመነሻው ጀምራ ስለምትነሳ ወደ ኋላ ትቀራለች። ቀድሞ የደረሰው እንግዳ የሌላውን ክፍል ይወስዳል ማለት ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ቋሚ አድራሻ የቅንጦት ነገር ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ለኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ የሚሰጥባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቁጥሩን በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ራውተሩ ለዚያ ዕቃ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር እንዲሰጥ ማስያዝ ነው። እኔ በመጀመሪያ የሞከርሁት አንደኛውን ነው፤ ሳልጠነቀቅ ስላደረግሁት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወሰደብኝ። ለፕሪንተሩ 192.168.1.50 የሚል ቁጥር በራሱ ላይ ሞላሁለት። ራውተሩ ግን ከ2 እስከ 254 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ የማደል ሥልጣን ነበረውና፣ ከሁለት ቀን በኋላ 50ን ለእኅቴ ላፕቶፕ ሰጣት። ወንድሜ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያትም ስድስተኛው ገጽ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ ሦስት ገጽ ወጣ፤ ደግሞ ቆመ። አድራሻውን ፒንግ ባደረግሁት ጊዜ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት ስልክበት፣ አራት ጊዜ መለሰ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያም እንደገና መለሰ። መልስ የሚሰጠኝ ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ አይፒ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ በሚያሳየው የአርፕ ትእዛዝ የማክ አድራሻውን (የዕቃውን የራሱን መለያ፣ በጥንድ በጥንድ የሚጻፈውን) አወጣሁና በፕሪንተሩ ጀርባ ከተለጠፈው ጋር አስተያየሁት። አንዱም ጥንድ አልገጠመም። ሁለት እንግዶች የአንድ ክፍል ቁልፍ ይዘው ነበር።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት ራውተሩ የሚያድለውን ክልል ማጥበብ ነው። በብሮውዘር 192.168.1.1 ላይ ገብቼ (የመግቢያው ቃል ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል) ላን በሚለው ክፍል ውስጥ የዲኤችሲፒውን ክልል ከ100 እስከ 199 አደረግሁት። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መቶ ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። ከ100 በታች ያሉትን ራውተሩ በራሱ ፈቃድ ለማንም ስለማይሰጣቸው በእጅ ለሚጻፉ አድራሻዎች ነጻ ሆኑ። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ስምምነት ለግል ኔትወርክ ብቻ የተለዩ በመሆናቸው፣ ጎረቤቴ በቤቱ ውስጥ እነዚህኑ ቁጥሮች ቢጠቀም ከእኔ ጋር አይጋጭም።

ለፕሪንተሩና ለወንድሜ ላፕቶፕ የመረጥሁት ማስያዙን ነው። የዕቃው ማክ አድራሻ በራውተሩ ገጽ ላይ ይመዘገብና የሚፈለገው ቁጥር ከጎኑ ይጻፋል፤ በዕቃው ላይ ምንም መንካት አያስፈልግም። ማክ አድራሻ በስድስት ጥንድ የተከፈለ 12 ቁጥርና ፊደል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ላፕቶፕ ለኬብሉ አንድ፣ ለዋይፋዩ ሌላ ማክ አድራሻ ስላለው አንዱን አስይዞ በሌላው መገናኘት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ስልኮች ደግሞ፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ለባለቤቱ ምስጢር ሲባል እውነተኛውን ማክ አድራሻ ደብቀው በዘፈቀደ የተፈጠረ ያቀርባሉ፤ ስልክ ላይ ቋሚ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ለቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይህን ማጥፋት ይኖርበታል። እኔ ለስልኮች ቋሚ አድራሻ አልሰጠሁም። ሌላውን ዕቃ የሚፈልጉ እንጂ የሚፈለጉ አይደሉምና።

ድምፆቹ ላሉባት ዴስክቶፕ ግን አድራሻዋን በራሷ ላይ መጻፍን መረጥሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የሚሞሉት ነገሮች አራት ናቸው፦ አድራሻው 192.168.1.10፣ የቤቱን ኔትወርክ ስፋት የሚወስነው ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ወደ ውጭ መውጫው በር ማለትም ጌትዌዩ የራውተሩ ቁጥር 192.168.1.1፣ በመጨረሻም የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ። አንዳንዱ የዊንዶውስ ገጽ በሰብኔት ማስኩ ፋንታ የሚፈልገው 24 የሚለውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ረጅሙን ሲጽፉለት አልቀበልም ይላል። ዲኤንኤሱን ባዶ የተወ ሰው ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል፤ በኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ ሲያደርግ ይመለስለታል፣ የድረ ገጽ ስም ሲጽፍ ግን ምንም አይከፈትም። ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታለት ብቻ አጥቷል።

የእኔዋ ዴስክቶፕ የምትሠራው በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ሰርቨር በሚባል ሥርዓት ስለሆነ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ኔትፕላን በሚባለው የኔትወርክ ማስተካከያው ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ በመስመር መጀመሪያ ያለው ክፍተት በአንድ ቢዛነፍ አይቀበልም፣ ታብንም ጨርሶ አይወድም። ስክሪን የሌላትን ኮምፒውተር ከርቀት ሆኖ አድራሻዋን መለወጥ አስጊ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከተጻፈ ተመልሶ የሚገባበት በር አይኖርም። ለዚህ «ኔትፕላን ትራይ» የሚለው ትእዛዝ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ አዲሱን አድራሻ ይሞክርና በ120 ሴኮንድ ውስጥ ማረጋገጫ ካልተሰጠው ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በቤት ውስጥ ብቻ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። 192.168.1.10 ከአዘዞም ሆነ ከአዲስ አበባ አይደረስበትም፤ ከውጭ የሚታይ ቋሚ አድራሻ ኢንተርኔት ከሚያቀርበው ድርጅት የሚጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወዳልሁት ምክንያት። ባለፈው ወር ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ሊጠግን የመጣ ባለሙያ የራውተሩን ሪሴት ቁልፍ ተጭኖ ያዘው። ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ፤ ያጠበብሁት ክልልም ያስያዝኋቸው ቁጥሮችም ጠፉ። የፕሪንተሩንና የላፕቶፑን ቁጥር ከነማክ አድራሻቸው በደብተር መዝግቤ ስለነበር መልሶ ለመጻፍ አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክልሉን ማጥበቡን አስቀደምሁ፤ አለዚያ ራውተሩ 10ን ለሌላ ዕቃ ሊሰጥ ይችል ነበርና። የዴስክቶፗ አድራሻ የተጻፈው በራሷ ዲስክ ላይ ስለሆነ የራውተሩ መርሳት አልነካትም፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን ስሞላ ከአባቴ ክፍል የጸናጽሉ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።