«ዲጄ፣ ይቺን ልቀቅልኝ»

ክለብ ውስጥ ዲጄ ሆኖ የሚሠራ ሰው ከሙዚቃው ቀጥሎ አብዝቶ የሚሰማው ይህን ነው፦ «ይቺን ልቀቅልኝ»። ጅማ ውስጥ ለዓመታት ስሠራ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በምልክትም ተጠይቄያለሁ። አንዱ ስልኩን ከፍቶ ያሳየኛል። ሌላው ግጥሙን ያንጎራጉርልኛል። ርዕሱን የማታውቅ ልጅ ደግሞ ትከሻዋን እየሰበቀች ምቱን ታሳየኛለች፤ ብዙ ጊዜ ይገባኛል።

ብዙ ዲጄዎች ጥያቄን እንደ ንቀት ያዩታል። «ሥራዬን ሊያስተምረኝ ነው?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጓደኞቹን ትቶ፣ በሰው መሀል ተጋፍቶ እኔ ጋ የደረሰ ሰው ስለ ቤቱ መረጃ ይዞልኝ መጥቷል። ምን እንደጎደለ እየነገረኝ ነው። መቼና እንዴት እንደምጠቀምበት የምወስነው ግን እኔ ነኝ። የሥራው ክብደት ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ላይ ነው።

ሥራውን ያሳየኝ አንጋፋ ዲጄ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። «ጠያቂውን ስትሰማ ዓይንህ የመጣበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን» ይለኛል። እውነቱን ነው። አንድ ሰው ዘፈን ሲጠይቅ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ወደ እኔ እያዩ ከሆነ ጥያቄው የስምንት ሰው ነው። እነሱ ወሬ ላይ ከሆኑ ጥያቄው የእሱ ብቻ ነው። ሁለቱም ይከበራል፤ የሚገቡበት ሰዓት ግን ይለያያል።

ከዚያ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከማን ጋር ነው የመጣኸው? ልትጨፍርበት ነው ወይስ ልታዳምጠው? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ይፈታል። ሊያዳምጠው ከሆነ ትዝታም ይሁን ሌላ ለስላሳ ዘፈን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት፣ ሰው ገና እየበላና እየተጫወተ ሳለ፣ ቦታ አለው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሞቀበት፣ ያንኑ ዘፈን ብለቀው ጨፋሪው ሁሉ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ስለዚህ «ወንድሜ፣ መዝጊያ ላይ አደርግልሃለሁ፤ ያኔ በደንብ ትሰማዋለህ» እለዋለሁ። መዝጊያ ላይም አደርግለታለሁ።

መልሴ ሁልጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። «አሁን»፣ «በእንዲህ ያለ ሰዓት»፣ ወይም «ዛሬ የለኝም»። ባዶ እሺ አልሰጥም። እሺ የተባለ ሰው ይጠብቃል። በየዘፈኑ መጀመሪያ ጆሮውን ያቆማል፣ ያልፈዋል፣ ይከፋዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፤ ሦስተኛ ሲመጣ ድምፁ ይለወጣል። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ» የተባለ ሰው ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል። ላለመርሳት ላፕቶፑ አጠገብ ደብተር አለችኝ። ዘፈኑን፣ ጠረጴዛውንና የሰጠሁትን ሰዓት እጽፋለሁ። ሰው ሲጻፍለት ሲያይ ራሱ ግማሽ መልስ አግኝቷል።

ጆሮዬ ላይ መጮህን ግን አስቀርቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቤቶች ባወጣው መለኪያ አማካይ ድምፅ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ ይላል። ያ ራሱ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህብኝ ሰው ሲጨመር ጆሮ አይተርፍም። ዲጄ ደግሞ የሚበላው በጆሮው ነው። ስለዚህ ስልካቸው ላይ ጽፈው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። ወይም ለአስተናጋጇ ይነግሯታል፤ እሷ ታደርስልኛለች። አስተናጋጆች የትኛው ጠረጴዛ ልደት እንዳለው፣ የትኛው እንደተጣላ፣ የትኛው ሂሳብ ሊዘጋ እንደሆነ ከእኔ በፊት ያውቃሉ። ከእነሱ ጋር የማይግባባ ዲጄ ግማሹን ቤት አያየውም።

አሁን ስለ ጅማ ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ጥያቄ ማስተናገድ ሌላ ቦታ እንደማስተናገድ አይደለም። ከተማዋ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የመጣው መንገድ እዚህ ይበተናል። አንዱ በአጋሮ አድርጎ ወደ በደሌና መቱ፣ አንዱ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ ሌላው ወደ ዳውሮ። ሹፌሩ እዚህ ያድራል። ቡና ነጋዴው ሂሳቡን እዚህ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው ከየክፍለ ሀገሩ ልጆችን ያመጣል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ የአጋሮ ልጅ፣ የቦንጋ ልጅና የጎንደር ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛለሁ። ሦስቱም የየአገራቸውን ይጠይቁኛል።

የአገሩን ዘፈን የሚጠይቅ ሰው ሙዚቃ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ቤተሰቡን ትቶ መጥቷል፤ ቋንቋውን ከሳምንት በላይ በስልክ ብቻ ነው የሰማው። ያቺ ዘፈን ስትገባ ፊቱ ይለወጣል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁና በጣም አከብረዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው የአገሩ ምት ሳይነካ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ እጥራለሁ። ሲገባ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዘፈን አከታትላለሁ። አንዷ ብቻ አትበቃም። ሰው ዘፈኑን እስኪለይ፣ ከወንበሩ እስኪነሳ፣ ክብ እስኪሠራ ድረስ የመጀመሪያዋ ታልቃለች። ጭፈራው የሚደምቀው በሁለተኛዋ ነው። ኦሮምኛ ሲሆን ክቡ በፍጥነት ይሠራል፤ ከተማው የራሱ ነውና ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም። ለካፊኛ ወይም ለዳውሮኛ ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚጀምሩት። ሁለተኛዋ ዘፈን ላይ ሌላው እያየ ይለምዳቸውና ይቀላቀላል። አንድ የጎጃም ልጅ የካፋ ጭፈራ ሲሞክር ማየት ለእኔ የሳምንቱ ደስታ ነው።

ከባዱ ነገር ምቱ ነው። የተጠየቀውን ዘፈን ማግኘት ቀላል ነው፤ ከሚጫወተው ጋር ማገናኘቱ ነው ጭንቁ። አማፒያኖ፣ የደቡብ አፍሪካው የዳንስ ሙዚቃ፣ በደቂቃ ከ110 እስከ 115 ምት አካባቢ ይሄዳል፤ አራት አራት እየተቆጠረ የሚረገጥ ነው። የአገራችን ምት ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር፣ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወዛወዝ ነው። የዲጄ ሶፍትዌር እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እግር በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጠውን ዘፈን 180 ወይም 90 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያንን ቁጥር አምኖ ሲንክ (የሁለት ዘፈን ምት በራሱ የሚያገናኘውን ቁልፍ) የሚጫን ዲጄ ሁለት ዘፈን ያጋጫል፤ ጨፋሪውም እግሩ የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ስለዚህ የአገር ቤት ዘፈኖቼን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በጣቴ እየመታሁ፣ አንድ በአንድ አስተካክያቸዋለሁ። ከርዕሱ ጎን ትክክለኛውን ምት ጽፌያለሁ። መግቢያው ረጅም ከሆነም ዋናው ምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን የቀን ሥራው ካልተሠራ ሌሊት ለሚመጣ ጥያቄ በሰከንዶች ውስጥ መልስ መስጠት አይቻልም።

ከአማፒያኖ በቀጥታ ወደ ጉራጊኛ አልዘልም። መሀል ላይ መሸጋገሪያ ዘፈን አስገባለሁ፤ ዘመናዊ አማርኛ፣ ከበሮው ጎላ ያለ፣ ፍጥነቱ መካከለኛ የሆነ። ከዚያ ጉራጊኛው ሲገባ ቤቱ ራሱ እየጠበቀው ነበር። ጠያቂውን «ሁለት ዘፈን ታገሰኝ» የምለው ለዚህ ነው።

የጎልማሶቹ ጥያቄ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1960ዎቹ አምሐ ሪከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ በሸክላ ያሳተማቸውን የመሰሉ ዘፈኖች ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ የተጫወታቸው ናቸው። ከበሮ መቺው ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ዘፋኙን ሲከተል ይዘገያል። ምቱ በማሽን አልተለካም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። እነዚህን ምት ከምት ለማገናኘት አልሞክርም። የሚጫወተውን በኢኮ፣ ድምፁ እያስተጋባ እንዲደክም አድርጌ፣ አጠፋዋለሁ። ለአፍታ ዝም እላለሁ። ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሲገቡ ሙሉውን እለቀዋለሁ። ጋሼዎቹ ብርጭቆ ያነሳሉ፤ ወጣቱም ይወደዋል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። አዝማሪ ቤት ያደገ ልማድ አለን፤ ደስ ያለው ሰው ይሸልማል። ስለዚህ ብር ዘርግቶ የመጣን ሰው ገፍቶ መመለስ ማዋረድ ነው። እኔ ያወጣሁት ሥርዓት ቀላል ነው። ሽልማት ዘፈኑ ከተጫወተ በኋላ እቀበላለሁ፣ ከአስተናጋጆቹም ጋር እካፈላለሁ። ወረፋ ለማስቀደም ግን አልቀበልም። የቡና ለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ይህ በጣም ይፈተናል። ገንዘብ ኪስ ውስጥ አለ፣ ሰው ደስ ብሎታል። አንድ ቅዳሜ ሁለት የነጋዴ ጠረጴዛዎች እየተፎካከሩ ብር ይልኩልኝ ጀመር። አንደኛው የራሱ እንዲገባ፣ የሌላኛው እንዲቆም ነበር የሚፈልገው። ሄድፎኔን አውልቄ ወረድኩና ትልቁን ሰውዬ «ጋሼ፣ የእርስዎ ቀጥሎ ነው። የእነሱን ግን ካቆምኩ ነገ የእርስዎንም የሚያቆም ይመጣል» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ በተራ አድርገው» አሉኝ። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያልኩ ሄድኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው ነበር።

እምቢ የምላቸው ጥያቄዎችም አሉ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ሌላውን ብሔር የሚሰድብ ወይም የሚያስቆጣ ዘፈን አልለቅም። ማንም ቢጠይቀኝ፣ ምንም ቢከፍለኝ። የአጋሮውን፣ የቦንጋውንና የጎንደሩን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን ነገር በአንድ ዘፈን ማፍረስ ይቻላል። ሌላው ደግሞ በማይክ ስም መጥራት ነው። አንድ ወንድ መጥቶ «ለዚያች ልጅ ጋብዝልኝ፣ ስሟን ጥራልኝ» ይለኛል። ልጅቷ አታውቀውም። መጀመሪያ አስተናጋጇን እልካለሁ፤ ልጅቷ ካልፈለገች ስሟ ከእኔ ማይክ አይወጣም። እህቶቻችን ቤቱ ውስጥ ተረጋግተው መጨፈር አለባቸው። አንዲት ሴት ተሸማቃ ስትወጣ ጓደኞቿም ይወጣሉ፤ ሁለተኛ አይመጡም።

«አሁን ነው የተጫወተው» የምለው ጥያቄ ቀላል ነው። ዘግይቶ የገባ ሰው አላወቀም፤ ሌላ የዚያኑ ዘፋኝ እሰጠዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይስማማል።

የሌለኝን ዘፈን በተመለከተ ብዙ ሰው ስልኩን ይሰጠኛል። «ከዚህ አጫውተው።» ፋይሉ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም የተላለፈ፣ ብዙ ጊዜ በ128 ኪሎ ቢት ወይም ከዚያ በታች የተጨመቀ ነው። ስልክ ላይ ደህና ነው። ትልቁ ስፒከር ላይ ሲወጣ ግን ባሱ ይደክማል፣ ጸናጽሉ ይሾካካል። ከእሱ በፊት የተጫወተው 320 ኪሎ ቢት ከሆነ ልዩነቱን ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ርዕሱን ደብተሬ ላይ እጽፍና በሳምንቱ መሀል ጥሩውን ቅጂ ፈልጌ አመጣለሁ። የደብተሬ የኋላ ገጾች በዚህ የተሞሉ ናቸው። ስብስቤን ያሳደገው ከምንም በላይ ይህ ነው።

ማንም ሳይጠይቅ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቤቱ ጨለማ ነው። ያኔ አንድ ጠረጴዛ በራሱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭብጨባው ይከተላል። እኔ በዚያች ሰዓት በስልኬ መብራት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ያለ ዲጄ የሚዘፍነውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። መብራቱ ሲመጣ ያቋረጡበትን ዘፈን እለቅላቸዋለሁ፤ ጩኸቱን ብትሰሙት።

ወቅቱም ጥያቄውን ይለውጠዋል። ረመዳን ላይ ጅማ ጸጥ ትላለች። የሁዳዴ 55 ቀናትም እንደዚያው ናቸው። እነዚያን ሳምንታት ለማዘጋጃ እጠቀምባቸዋለሁ። የምረቃ ሰሞን ደግሞ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይገባሉ፤ እናት ባለችበት ጠረጴዛ ጥያቄው ሁሉ ጨዋ ይሆናል፣ የሠርግ ዘፈን ይበዛል።

ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ጥያቄ መቀበል አቆማለሁ፤ በማይክም እናገራለሁ። ያልደረሳቸውን «ቀሪ» በሚል ፎልደር አስቀምጣቸዋለሁና የሚቀጥለውን ምሽት በእነሱ እጀምራለሁ። አሁን እዚያ ውስጥ ርዕሷ ብቻ ተጽፋ ፋይሉ የጠፋ አንዲት የካፊኛ ዘፈን አለች። የቦንጋ መንገድ ሹፌር ነው የጠየቀኝ፤ በየአስራ አምስት ቀኑ ያልፋል። ጥራቱ ጥሩ የሆነ የካፊኛ ስብስብ ያላችሁ ሰዎች ክለቡ ድረስ በፍላሽ ብታመጡልኝ፣ ቡናው በእኔ ነው።