«ያምዎታል?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም

እማዬ በግራ ጉንጯ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር። ዳነ፣ ጠባሳውም ደበዘዘ፣ እኛም ረሳነው። ከወራት በኋላ ግን በዚያው በኩል፣ የአፍንጫዋ ክንፍ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። ጎረቤት ምች ነው አለ። ከአራት ኪሎ እስከ ቸርችል ጎዳና ያላንኳኳነው ክሊኒክ የለም፤ አንዱ ቁንጭር ነው ብሎ ቅባት ሰጠን፣ ሌላው ካንሰር ይሆናል ብሎ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ካንሰርም አይደል፣ ቁንጭርም አይደል። ቁስሉ ግን የአፍንጫዋን ክንፍ እንደ ጨረቃ ቅርጽ እየበላው ሄደ።

በመጨረሻ ያገኘናት የቆዳ ሐኪም ቁስሉን ከማየቷ በፊት «እማማ፣ ያምዎታል?» አለቻት።

«ኧረ አያመኝም ልጄ። ጉንዳን ይሄድበታል እንጂ።»

ሐኪሟ ጥጥ አሹላ ዓይኗን አስጨፈነቻት። ቀኝ ጉንጯን ስትነካት እማዬ «እሺ» አለች። ግራውን ነካችው። ዝም። ደግማ ነካችው። «ኧረ ገና አልነካሽኝም» አለች እማዬ። እኔ እንባዬ መጣ።

ለካ አልማዝ ባለጭራው የፊትን ስሜት የሚያደርሰውን አምስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ጎድቶት ኖሯል። ቦታው ደንዝዟል፣ ግን ይነዝራል፣ ይበላል፤ እጇ ሳታውቀው እዚያው ይሄዳል፣ በእንቅልፏም ጭምር፣ ስትፍቀው ስለማያማት አታቆምም። የአፍንጫዋ ጫፍ ደህና የሆነው ሌላ የነርቭ ቅርንጫፍ ስለሚደርሰው ነው፤ ይህም ለሐኪሟ አንዱ ምልክት ነበር። ስሙ ትራይጀሚናል ትሮፊክ ሲንድሮም ይባላል። ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም ለፊት ሕመም ተብሎ በነርቩ ላይ የተሠራ ቀዶ ሕክምናም ያመጣዋል፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ። የሥጋ ደዌም ፊት ስለሚያደነዝዝ እሱንም አጣራች። ዓይኗንም በጥጥ ነክታ አየች፣ የደነዘዘ ዓይን ሳይታወቅ ይቆስላልና። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓይኗ ደህና ነው።

እኔ ስንቴ «አትንኪው አላልኩሽም!» ብዬ ጮህኩባት። ሆን ብላ አልነበረም። እናንተም ቤት ፊቱ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት በጥጥ ነካ አድርጉትና ይሰማው እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱን ለሐኪሙ ንገሩት።

አሁን ጥፍሯን አሳጥሬ እቆርጥላታለሁ፣ ቁስሉ ተሸፍኗል፣ ለንዝረቱም መድኃኒት ትወስዳለች። ማታ ስስ የጥጥ ጓንት አጥልቃ ትተኛለች። አልተዘጋም፣ ግን ጠቧል።