ሽያክፓ፣ አራተኛ ሙከራ

ኩምጁንግ ከገባሁ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። መንደሩ ኔፓል ውስጥ፣ ኤቨረስት አካባቢ፣ 3,790 ሜትር ላይ ነው ያለው። ያረፍኩበት ቤት እመቤት የአካባቢውን ሕዝብ፣ የሼርፓዎችን ምግብ እንዲያስተምሩኝ ለምኜ እሺ አሉኝ። ሁሉም «አማ» ነው የሚላቸው፤ እናት ማለት ነው። ለአፌ አልከበደኝም።

የያዝኩት ሽያክፓ ነው። ወፍራም ሾርባ በሉት፤ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ካለ ሥጋ፣ ከዚያ በእጅ እየተቆረሰ የሚገባ የስንዴ ሊጥ። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ሊጡን አወፍሬ ከተትኩት። ላዩ ለስልሷል፣ ውስጡ ጥሬ ዱቄት! አማ አንዱን በማንኪያ ሰንጥቀው አሳዩኝና ሳቁብኝ። ለካ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ እንኳ 92 ገደማ ይደርሳል። ድስቱ ቢንተከተክም ወፍራም ነገር ቶሎ አይበስልም። በማግስቱ ፈርቼ በጣም አሳሳሁት፣ ሟሙቶ አጥሚት ሆነ። ስለ ሦስተኛው አልናገርም። ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ ነበር።

ትናንት ማታ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። 19 ሰው ቆጠርኩ። አያትየው ምድጃው አጠገብ፣ ሌሎቹ በዕድሜ ተራ በመስኮቱ ሥር፣ ልጆች በሩ ጋ። አንዱ «ፓሳንግ!» ብሎ ሲጣራ ሦስት ሰው ዞረ። ፓሳንግ አርብ ነው፤ ሼርፓዎች ብዙ ጊዜ ልጅን በተወለደበት ቀን ይሰይማሉ።

አማ ሊጡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በአገጫቸው ድስቱን አሳዩኝ። አሁን ብልሃቱ ገብቶኛል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። እንደ ገመድ ይሳባል። ከዚያ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ፣ የጣት አሻራ ሲታይበት መንጨት። ውፍረቱ ተስተካከለልኝ፣ ፍጥነቴ ግን ጉድ ሠራኝ። ለ19 ሰው ብቻዬን ስቆርስ ፊት የገባው ሊፈርስ ደረሰ። ሁለት ልጃገረዶች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ግራና ቀኜ ቆሙ። አማ ከኋላ ገቡ። ድስቱ ዙሪያ ስምንት እጅ! ሳህን ከመሙላቱ በፊት ሊጡ ተቆርሶ አለቀ። ለካ ስህተቴ ሁሉ ይህን ምግብ ብቻዬን ልሠራ መሞከሬ ነበር።

ከምግቡ ጋር ቻንግ ቀረበ። ሩዝ፣ ገብስ፣ አንዳንዴም ዳጉሳ የሚጠመቅበት ነው፤ አዎ፣ የእኛው ዳጉሳ። ለጠላ ዘመዱ ነው። ጎንጨት ስታደርጉ ወዲያው ይሞላና «ሼ! ሼ!» ይሏችኋል። በእኛ «በሞቴ» መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠጥቶ መላቀቅ የለም፣ ቢያንስ ሦስቴ ነው። እምቢ ማለት ገና አልተማርኩም፤ ዛሬ ጠዋት ራሴን አሞኛል።

አያትየው ሳህናቸውን ደግመው ዘረጉ። እኔ ይኼን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ነገ ሪልዶክ ነው። የተቀቀለ ድንች እንደ ማስቲካ እስኪሳብ ድረስ ይወቀጣል አሉ። ትከሻዬን ከአሁኑ እያሸሁ ነው።