በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ የሚሞላው ቅጽ

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የ11ኛ ክፍል የዘርፍ መምረጫ ቅጿን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ቢሮ ስል፣ ደሴ ውስጥ በማስተምርበትና ተማሪዎችን በምመክርበት ትምህርት ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በቁም ሣጥን የተከለለውን ጥግ ማለቴ ነው፤ ከሣጥኑ ወዲያ የስፖርት ክበቡ ኳስና መረብ ይቀመጣል። ቅጹ ላይ «የተፈጥሮ ሳይንስ» ከሚለው ፊት ለፊት ራይት ተደርጎ በምላጭ ተፍቋል፤ «ማኅበራዊ ሳይንስ» ከሚለውም ፊት እንዲሁ ተደርጎ ተፍቋል፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ምልክቱን ሊያደርጉ ሲሉ ሳስቶ የነበረው ወረቀት ተቀዷል። ልጅቷ የመጣችው ምክር ፈልጋ ሳይሆን አዲስ ቅጽ እንድሰጣት ነበር።

«ማን ነው የፋቀው?» አልኳት።

«የመጀመሪያውን እኔ፤ ሁለተኛውን አባባ ነው፣ ቲቸር።»

አባቷ ሙጋድ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። በማግስቱ አስጠርቻቸው መጡና ገና ሳይቀመጡ፣ «መምህር፣ ልጅቱ ከክፍሏ 4ኛ ናት። ጎበዝ ልጅ ሶሻል ትገባለች እንዴ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ስለምሰማው አልተከራከርኳቸውም፤ ደረጃውን ትቼ የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤት አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁላቸው። ታሪክና ጂኦግራፊ ከ90 በላይ፣ ሒሳብ 84፣ ፊዚክስ በሁለቱም ሴሚስተር ከ60 በታች። 4ኛ ያደረጓት እነማን እንደሆኑ ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከዚያ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ እንደሚገኙ ስነግራቸው አካውንቲንግ የሚለው ላይ አስቆሙኝ፤ «የግብር ሒሳቤን ለሚሠራልኝ ልጅ በዓመት ስንት እንደምከፍል ቢያውቁ!» ብለው ሳቁ። አዲሱ ቅጽ በሦስተኛው ቀን በአባት ፊርማ፣ ያለ ምንም ፍቀት ተመለሰ።

ይህ መልካም ሆነ እንጂ የምኮራበት ነገር አይደለም። ያን ሳምንት ከ60 በላይ ተማሪ ካለባቸው ክፍሎች ስንት ቅጽ ተሞልቶ እንደተሰበሰበ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ባይቀደድ ኖሮ ይችም ልጅ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ስናወራ ሁላችንም የምናወራው ስለ 12ኛ ክፍል ነው። ይህ የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች ያን የትምህርት ዘመን የጀመሩት ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ በነበሩበት ወቅት መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ የወላጁ ድንጋጤ የሚገርም አይደለም። ትምህርት ቤቶች ያላቸውን ጉልበት ሁሉ በ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ላይ አዋሉ፤ ቅዳሜም እሑድም ክፍሎቹ ክፍት ናቸው። ይህን የሚነቅፍ ሰው አይኖርም፤ እኔም አልነቅፍም።

ነገር ግን ፈተናው ምን እንደሚመስል ልብ እንበል። ስድስት የትምህርት ዓይነት ነው፤ ድምሩ ከ600 ሲሆን ለማለፍ 300 ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያው) በሁለቱም ዘርፍ አሉ። የቀሩት ሦስቱ ለአንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ለሌላው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ናቸው። እንግዲህ ያ በምላጭ የተፋቀ ራይት ከ600ው ነጥብ ውስጥ 300ው ከየትኛው ትምህርት እንደሚመጣ ይወስናል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚከብድ ውሳኔ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከጓደኛው ጎን ቆሞ፣ የጓደኛውን ቅጽ እያየ፣ በአንድ የዕረፍት ሰዓት ውስጥ ይወስነዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በፊዚክስ ማጠናከሪያ ልናድነው እንሯሯጣለን። (አፕቲትዩድን ካነሣሁ አይቀር፣ ከስድስቱ አንዱ ሆኖ ሳለ በክፍለ ጊዜ ድልድላችን ውስጥ ቦታ የለውም። ልጆቹ የሚለማመዱት ከቴሌግራም በሚያወርዱት የቆየ ጥያቄ ነው።)

ከዘርፍ ምርጫው ቀጥሎ ጊዜዬን የሚበላው የስም አጻጻፍ ነው ብል የሚስቅ ይኖራል። በወሎ ምድር በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት መሐመድ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ይህ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን መካከል ላይ አንድ «ኤም» ይሁን ሁለት፣ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለው «ኢ» ይሁን «ኤ» እንደ ጸሐፊው ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሌላ፣ ለፈተና በኦንላይን የተመዘገበው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ያን ልጅ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲመዘገብ ስሙን በትልልቅ ፊደል አስጽፌ፣ ወላጅ አስፈርሜ በፋይሉ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ምክር አገልግሎት የሚባለው ሥራ ብዙው እንዲህ ያለ ነው።

ለፈተናው ሳምንትም እንዲሁ። አብዛኞቹ ልጆች ከቤታቸው ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ እናት የለችም፣ ዶርም ውስጥ ከማያውቁት ልጅ ጋር ይተኛሉ። እኔ የምነግራቸው ተራ ነገር ነው፤ የመግቢያ ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን ከአሁኑ አንድ ላይ አድርጉ፣ ለሕመሙ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን አይርሳ፣ ኮምቦልቻ ያደገ ደሴ ከተመደበ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የተመደበ ደግሞ ጋቢውን ቤቱ ትቶ ስስ አንሶላ ይውሰድ። ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ ጠዋት ሒሳብ ሲሠራ ምን እንደሚሆን ማንም ይገምታል።

ውጤት ከመጣ በኋላ ስላለው ምክር ብዙ ማለት አልፈልግም፤ በዚያን ሰዓት ጆሮ ያለው ሰው የለም። 50 ያልሞላለት ልጅ ለሪሚዲያል (ለማካካሻ ትምህርቱ) የተቆረጠውን ነጥብ ካመጣ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ተፈትኖ ካለፈ ፍሬሽማን መግባት እንደሚችል፣ ያም ባይሆን ደሴ ውስጥ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እንዳለ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ኤሌክትሪሺያንና መካኒክ እንደሚፈልጉ ቀድሞ ያልሰማ ልጅ፣ ውጤቱን ባየበት ቀን ብትነግረው የሚሰማው «ወድቀሃል» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች የምናገረው በ11ኛ ክፍል፣ ገና ሁሉም እንደሚያልፍ በሚያምንበት ጊዜ ነው። ጎበዞቹም አብረው ይሰማሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ እንደሆነ ከእነሱ ውስጥ የማያውቀው ይበዛል።

ዘንድሮ ለርእሰ መምህሩ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። የዘርፍ መምረጫው ቅጽ በሰኔ ሳይሆን የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት እንደታወቀ ይታደል፣ ከጀርባው የልጁ ውጤት በየትምህርቱ ይጻፍበት፣ ልጁና ወላጁም ቤታቸው ተነጋግረው በእርሳስ ይሙሉት አልኩ። እርሳስ የሚለው ላይ አልተስማሙም፤ በእርሳስ የተሞላ ሰነድ ፋይል ውስጥ አይገባም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ሁለት ቅጽ እንዲሆን ተስማማን፤ በእርሳስ የሚሞላው እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ በእስክሪብቶ የሚሞላው በሰኔ ለመዝገብ ቤት ይሄዳል። የእርሳሱ ቅጽ ባለፈው ሳምንት መመለስ ጀምሯል፤ እስከ ትናንት ከደረሱኝ ውስጥ ሰባቱ በላጲስ ጠፍተው እንደገና ተሞልተዋል፤ የሰባቱንም ወላጆች ለሚቀጥለው ሳምንት ጠርቻለሁ።